ማኅተም ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ቃሊቲን አልፈህ፣ ገላን ሳትደርስ፣
ሲኖትራክ ባሕር ዛፉን አቧራ ሲያለብስ፣
ክብሪት ፋብሪካ አለ፤ መርማሪዋ እኔ ነኝ፤
«ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ ለጠየቀኝ
«መለኮስ» እላለሁ፣ «ለኩሶም ማጥፋት ነው፤
ከሺህ ቀፎ መሀል አንዱን የማነደው።»

ጥፍሬ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል፤
ዲኑ አፍንጫዬ ውስጥ ቤት ሠርቶ ከርሟል።
ጭሬ አይቻት የበራች፣ ያቺ ጥሩ እንጨት፣
ጥሩነቷን አወቅሁ፤ አለቀች በእሳት።
ማኅተም የመታሁላት፣ ገበያ የወጣች፣
እኅቷ ስትመሰክር እሷ ዝም ያለች፣
እሷን መች ጫርኳትና!
«የሞተችው ጥሩ ነበረች» እላለሁ፤
በሕይወት ላለችው በሟች እምላለሁ።

ሐምሌ ላይ ደብዳቤ ከነቀምት ደረሰን፤
«ዐሥር ብንጭር አራቱ እምቢ አሉን።»
ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ መቱ፣ ተቆጡ፤
ከኔ ወንበር ጎን ሌላ ወንበር አመጡ።
ዘርትሁን ትባላለች፤ ልጅ ናት፣ ዐይነ መርፌ።
እኔ «ዘርትሁን ታየዋለች» እያልኩ ሳልፍ፣
እሷ «እትዬ አይተውታል» እያለች ስታልፍ፣
ሁለት ማኅተም አርፎበት፣ አንድ ዐይን ያላረፈበት
ስንት ካርቶን ሄደ!

አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
እንዳልበሰብስ ብዬ በውስጥ ሳቋርጥ፣
ማድረቂያ ክፍል ገባሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ
ያንን በር አላውቅም አንድ ቀን ከፍቼ።
ጉደታ ከመደርደሪያው ሥር ባልዲ ደቅኗል፤
ከላይ፣ ምስማር በወለቀበት፣ ሰማይ አንድ ጣት ያህል ገብቷል።
ጠብ።
ጠብታው በእንጨቶቹ ራስ አልፎ ነው ባልዲው የሚደርሰው።
ጠብ።
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከአምና ሰኔ።»
«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»
እጁን በቱታው ጠረገ።
«እናንተ ትይዙታላችሁ ብዬ» አለ፤
ባልዲውን ሊደፋ ወጣ።

እርጥቡን ከደረቁ እለየው ይሆናል፤
ማድረቅ ግን ከኔ ጠረጴዛ በፊት አልቋል።
ሚዛን ጤፍ አያበቅል፤
ቢሆንም ሚዛኑን አውጥቶ ማን ይጥላል?
በዚያ ቀን መዝገቤ ላይ፣ «አልፏል» ወይ «ወድቋል» በሚባልበት ዐምድ፣
«ጣራ» ብዬ ጻፍኩ።
ቢሮ ጠሩኝ። «ይኼ ምን ማለት ነው?»
«ጣራ ማለት ነው» አልኩ።
«እሱ የጥገና ክፍል ጉዳይ ነው፤ አንቺ ክብሪትሽን እይ።»

ማታ ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋበት።
ሱቅ ወረድኩ። ባለሱቁ አዲስ ፓኮ ቀደደ፤
በባትሪው ብርሃን፣ ከመጠቅለያው ላይ፣
የኔው ማኅተም፦ ዐሥራ ሰባት።
ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ተመቷል።

ቤቴ ገብቼ አንዷን ጫርኩ። እምቢ።
ሁለተኛዋ አንገቷ ተቀነጠሰ።
ውጭ ማካፋት ጀምሯል።
ሦስተኛዋን በሁለት ጣቴ ይዣታለሁ፤
ገና አልጫርኳትም።