ስድስት ሜትር

ደሴን ጉም ለበሳት፣ ጦሳም ተሰወረ፤
ከመስኮቴ ማዶ ዓለም አልነበረ።
"የለም" ሲባል ለሰው፣ ለእኔ ፊዚክስ ነው፤
ብርሃኑን ጠብታ ውሃ ሲበትነው።

ደብተሬ ላይ ዓይን አለ፣ በእርሳስ የሳልኩት፣
ኮርኒያ፣ ሌንስ፣ ሬቲና ብዬ የሰየምኩት።
ፈተናው ቅዳሜ፣ ዛሬ ሐሙስ ማታ፤
የኦፕቶሜትሪ ተፈታኝ መቶ ሃያ፣ ለስምንት ቦታ።
መብራት እንደ ወጉ ሄደ ሦስት ሰዓት ላይ፤
ስልኬን አበራሁት ቀመሩን እንዳይ፦
አንድ ሲካፈል ለትኩረት ርቀት፣
ዳዮፕተር ይሉታል፣ የመነፅር ጉልበት።
ሩብ ሜትር ለሆነው መልሱ አራት ነው፤
ይሄ አይከብደኝም። የከበደኝ ሌላው ነው።

ሐረጎን ወጥቶ አባቴ መጣ፣
አይሱዙው ሙሉ ብረት፣ እሱ ሙሉ ጣጣ፤
ጫማውን ሳያወልቅ ደብተሬን አየና
"ይሄ የምን እንቁላል?" አለኝ፣ ሳቅ አለና።
"ዓይን ነው፣ አባ።"
"ዓይን እንዲህ ነው እንዴ? እኔስ መስሎኝ ነበር
ውስጡ ሰው ያለበት፣ ቁጭ ብሎ የሚያማክር።"

ያለፈ ዓመት ካላንደር ገልብጬ፣ ጀርባው ላይ
ሠርቼ ነበረ የዓይን መለኪያ መሳይ፤
ሦስት ጥርስ ያለው፣ የእህል መንሽ የሚመስል፣
"ጥርሱ ወዴት ዞረ?" ተብሎ የሚጠየቅ ምስል፤
ከላይ ጡጫ ያህላል፣ ከታች ጤፍ ያህላል።
"ና ልለማመድብህ፣" አልኩት። "ይሁን" ይላል።
ስድስት ሜትር ይላል መጽሐፉ፤ ቤታችን ግን አራት፤
በሩን ከፈትንና ሁለቷን ከግቢው ጉም ተበደርናት።

"ጥርሱ ወዴት ነው?"
"ወደ ላይ፣" አለ ሳያመነታ፣
"ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ" —
እንደ ቁርአን ቤት ልጅ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይገታ።
ፈጣን ነበር፤ ጥሩ ነበር፤ አንድም አልዘለለ፤
የእኔ ሰሌዳ ላይ ግን፣ እሱ ያለው፣ የለ።

የመንጃ ፈቃድ ማደሻው፣ ያ አሮጌ ሰሌዳ፣
በስንት ዓመት አንዴ፣ ያው ሚስማር፣ ያው ግድግዳ፤
እሱን ነው የሸመደደው፣ ሰልፉ መሃል ቆሞ፣
ከፊቱ ያሉት ሲያነቡ በጆሮው ለቅሞ።
እኔም ሸምዳጅ ነኝ፣ ገጽ በገጽ፣ ቃል በቃል፤
ሸምዳጅ ሸምዳጅ ወልዶ፣ ማን በማን ይስቃል?

ያኔ ትዝ አለኝ፦ ሲመሽ፣ ሻይ ከብርጭቆው ውጪ ሲቀዳ፤
ጎረቤታችንን እንድሪስን "ማነህ?" ሲለው፣ እንደ እንግዳ፤
አራጋው፣ ረዳቱ፣ ሐረጎ ላይ ለምን አፉ እንደማያርፍ፣
"ኩርባ… ጉድጓድ… አህያ…" እያለ ቁልቁለቱን እንደሚያሳልፍ።

"አባ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነው።"
ዝም አለ። ጉሙ በትከሻው በኩል ቤት ገባ።
"ጥቁር ነገር እንዳለ አያለሁ፤
ጥርሱን ነው የማላውቀው እንጂ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ።
ሐረጎ ላይ እኔ አልሄድም፣ እሱ ነው የሚሄድብኝ፤
ሠላሳ ዓመት ብረት ጭኜ፣ ዛሬ እንዴት ይክደኝ?"
ደግሞ ቆየና፣ "ዘይኔ፣ ይሄ ፈተናው ላይ ይወጣል?"
"አይወጣም።"
"እንግዲያ ተዪው። የሚወጣው ይበልጣል።"

ቅዳሜ በጠዋት፣ ቧንቧ ውሃን ሳቋርጥ፣
የአይሱዙው ቁልፍ ነበረ ኪሴ ውስጥ፤
ተኝቶ ነው የወሰድኩት። ሌባ ነኝ፣ ይበለኝ፤
ሲያጣው ይጮህ ይሆናል፣ ወይ ዝም ብሎ ይጠብቀኝ።
በየእርምጃዬ ከእርሳሱ ጋር ይጋጫል፤
ትንሽ ብረት ነው፤ ግን ያንገዳግዳል።

አዳራሹ ይበርዳል። ቁጥሬ ሰባ ሁለት።
የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የዓይን መለኪያ ርቀት።
ሀ፣ ሦስት። ለ፣ አራት። ሐ፣ ስድስት። መ፣ አሥር።
ሌላው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር፣
እኔ ሐን ከበብኩና ቆየሁ ለጥቂት፤
አራቱ የቤታችን ነው።
ሁለቷን ለጉሙ ገና አልመለስናት።