ሁለት ጣት

ኤደልሚራ ዋማኒ ሜትሯን ከኪሷ አወጣች፤
ከመስኮቱ ሥር፣ ከግድግዳው ጠርዝ አስጠጋች።
ሠላሳ ስምንት።
ደግማ ለካች።
ሠላሳ ስምንት፤ አንዲት ሳንቲም እንኳ አልጨመረች።

የኢካ ነፋስ ከበረሃው አሸዋ ይዞ ይመጣል፤
ከወይኑ ማሳ አልፎ የድሃ ሰፈር ላይ ያራግፋል።
እዚያ ነው የቴኦፊላ ቤት፣ ከመስኖው ቦይ ማዶ፣
ደጃፉ ላይ የተረፈ አንድ የሸምበቆ ነዶ፣
ጡቡ ፀሐይ ያደረቀው፣ ጭቃው በእግር የተረገጠ፣
መሐንዲስ ያልፈረመበት፣ ማህተም ያላጌጠ።

አጠገቧ የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ ቆሟል፣ ዊልመር፣
ክላሰሩን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ እንደ ሙሽር።
«አንቀጽ አሥራ ሰባት» አለ፣ «ከአርባ በታች ይፈርሳል፤
ይቅርታ አርክቴክት፤ እርስዎ ራስዎ እንደጻፉት ይባላል።»

እውነት ነው። እሷ ነች።

ሀያ ስድስት ዓመቷ፣ ሊማ፣ የመስታወት ፎቅ ትነድፋለች፤
የሊፍት በር ቀለም ስትመርጥ ሦስት ሳምንት ታሳልፋለች።
ከዚያ መሬት ተነሣች።
ቤት መታች።
ገጣሚ ቤት ሲመታ ጆሮ ይደሰታል፤
መሬት ቤት ስትመታ ግን ስንቱ ይሞታል።
አክስቷን ያወጧት ከገዛ ጣሪያዋ ሥር ነው፣
ማንኪያ እንደያዘች። ለኤደልሚራ የቀረው ማንኪያው ነው።

ደንቡን ያኔ አነበበችው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ ሌሊት፤
ሲሚንቶና ፌሮ ላለው ሁለት መቶ ገጽ፣
ለጭቃ ቤት «አይፈቀድም»፤ አንዲት መስመር፣ አንዲት።
አይፈቀድም ስለተባለ ጭቃው መቦካቱ አልቀረም፤
ብርድ ፈቃድ እስኪወጣ ቆሞ አይጠብቅም።
በስውር ተሠራ እንጂ፣ በጨረቃ፣ ያለ ማገር፤
ስንት እንደሆነ ቤት ይቁጠረው፤
ማዘጋጃ ቤቱ አይቆጥርም ነበር።

ግድግዳ እየሠራች በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ አፈረሰች፤
አፍርሳ፣ አቡክታ፣ መልሳ ሠራች።
ሸምበቆ ብታቆምበት፣ የናይለን መረብ ብታለብሰው
ይሰነጠቃል እንጂ አይናድም፤ የመሮጫ ጊዜ ይሰጣል ለሰው።
በስብሰባ ሳቁባት። የሲሚንቶው ነጋዴ ምሳ ጋበዛት፤ አልበላችም።
ሚኒስትር ተቀየረ፣ ፋይሏ ጠፋ፣ ተገኘ፤ እሷ አልተቀየረችም።
ጸጉሯ ግን ተቀየረ።
በዘጠነኛው ዓመት ጭቃ በቀለም ተጻፈ፤
ውፍረቱ አርባ፣ ልስን ሳይጨምር፤
«ልስን ሳይጨምር» የሚለውን የራሷ እጅ ነው የጻፈ።

«ፎርማውን ከጎረቤት ተዋስኩ» አለች ቴኦፊላ፣ «የእሱ ነው ያጠረው፤
ለአዲስ ፎርማ አናጢው የጠራው ዋጋ የልጆቼ የወር ዳቦ ነው።
የቀረው ሁሉ በልኩ ነው፤ ሥዕሉን ጤና ጣቢያ ተለጥፎ አየሁ፤
ሸምበቆውን በየስንዝሩ አቆምኩ፤ ልጄ ያዘችልኝ፣ እኔ አሰርኩ።»

ኤደልሚራ በየቋጠሮው ሄደች።
አንዱም አልላላም።
ዊልመር ጉሮሮውን ጠረገ፤
«አንድ ጣት ልስን ከውስጥ፣ አንድ ጣት ከውጭ… እኔ እንኳ አላየሁም።»

ልስን ሸክም እንደማይችል ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?
ሜዳ ያደረ ሕፃንስ በየትኛው አንቀጽ ይሞቃል?
እስክሪብቶ ተቀበለች።
አርባ፣ ብላ ጻፈች።
እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሩብ፣
አልጋዋ ተነቃነቀ፤ ብርጭቆ ከመደርደሪያ ወደቀ።
በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ
ያለ ካልሲ መኪና አስነሣች፣ ቦዩን ተከትላ።

ውሻው ይጮሃል። ቴኦፊላ ከነልጆቿ በብርድ ልብስ
ከወይኑ ሐረግ ሥር ተቀምጣለች።
ቤቱ ቆሟል።
ከመስኮቱ ጥግ አንድ ስንጥቅ ወርዷል፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ፤
ኤደልሚራ ጥፍሯን ብታስገባ ሸምበቆውን ነካ፤
እዚያው ላይ ቆመ።

«በዚህ ሌሊት ምን ጠፋብዎ?» አለቻት ቴኦፊላ።

«ሜትሬን ረስቼ።»

ሜትሩ እጇ ላይ ነበር።