የአቋም መግለጫ

አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ፣
በዓሣ አስጋሪ ማኅበር፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ጫፍ፣
ከአሞራ ገደል በር፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ጠረጴዛዬ እንኳ አንድ እግሩ እንደላላ።
ጣቴ ከሁሉ ቃል አስቀድሞ የሚያውቀው
«አቋም» የሚለው ነው።
የአቋም መግለጫ፣ ተራ ቁጥር አንድ፣
የአቋም መግለጫ፣ ተራ ቁጥር ሁለት፣
ከዚያ ጭብጨባ አለ፣ ከዚያ ለስላሳ አለ፣ ከዚያ ወደየቤት።

አንድ ማታ፣ ቢሮ ሲዘጋ፣ ቃሉን ለብቻው አየሁት፣
እንደ ዓሣ ሆዱን ቀደድሁት፤
ውስጡ «ቆመ» አለበት።
ቋሚ ከሱ ወጣ፣ ጣራ የሚሸከም፣
ቁም ነገርም ከሱ፣ ቁም ሣጥንም ከሱ፣
ቆሞ ቀርም ከሱ ነው፣ ያ ክፉ ስድብም።
አንዲት እናት ናት የወለደቻቸው፣
ጽኑውን ከግትሩ ማን ይለይላቸው?
ኳስ ተጫዋች እንኳ፣ ከውድድር በፊት፣
«የአቋም መለኪያ» አለው፣ ላብ የሚፈስበት፤
የኛስ መለኪያ ምን ይሆን፣ ከማኅተም ሌላ፣ ከወረቀት?

በጥቅምት ስብሰባ
አጀንዳው መረብ ነበር፣ ዓይኑ የጠበበው፣
ጫጩቱን ሳይቀር ከሥር የሚያፍሰው።
«ከዛሬ ጀምሮ በጠባብ መረብ አናሰግርም» ተባለ፣
የእጅ ደን በቀለ።
አንድ ሰው ብቻ ቀረ፣ ሌዳሞ ቡሪሶ፣
ከኋላ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ለጉልበቱ አልብሶ።
«ትቃወማለህ ወይ?»
«አይ።»
«ትደግፋለህ ወይ?»
«አይ።»
«ታዲያ አቋምህ ምንድን ነው?» ሳቅ ሆነ አዳራሹ፤
«ውኃው ያውቀዋል» አለ፣ ቀና ሳይል ራሱ።
እኔም እንደታዘዝሁ፣ ከስሙ ፊት ለፊት
«አቋም የለሽ» ብዬ አሰፈርሁት፤
በሰማያዊ ማኅተም አጸናነው ያንለት።

በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ጎህ ሳይቀድ ወረድሁ፣
ለታመመ ወንድሜ የሾርባ ዓሣ ፈለግሁ።
ጀልባዎቹ ገቡ፤ ከየሆዳቸው መረቡ ሲወጣ፣
በዓይኑ በኩል ትንሿ ጣቴም አትወጣ።
ያ ሁሉ የእጅ ደን፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣
መዳፍ የማይሞላ ቆሮሶ በባልዲ ሲገባ።

ሌዳሞ መጨረሻ መጣ፣ ብቻውን እየቀዘፈ።
መቅዘፊያው ላይ በቢላ የጫረው ምልክት አለው፣
እያንዳንዱን ዓሣ በዚያ ለካው፣
ያነሰውን ወደ ውኃው መለሰው፤
ከኔና ከአባ ኮዳ በቀር ማንም አላየው።
«ታዲያ ያኔ እጅህን ለምን አላወጣህም?» አልሁት።
መረቡን እያጠፈ ቆየ።
«ነገ ልጄ ቢራብ፣ ይኼ እጄ ምን እንደሚሠራ
የማላውቀውን ነገር ምን ብዬ ላውራ?»
ሁለት ዓሣ ሰጠኝ፣ የአንዱን ዋጋ ተቀበለ።

አባ ኮዳ ከድንጋዩ ላይ በአንድ እግሩ ቆሟል፣
ሲደክመው እግር ይለውጣል፤
ቆሟል ግን፣ እዚያው ቆሟል።

ቢሮ ገባሁ። መዝገቡን ገለጥሁ።
«የለሽ» የምትለዋን በምላጭ ልፋቃት አልሁ፤
ወረቀቱ ሳሳ፣ ሊቀደድ ሲል ተውሁ።
የተረፈ ቅጂ ነበር፣ የዚያው መግለጫ፣ አራት ቦታ አጠፍሁት፣
ከጠረጴዛዬ ላላ እግር ሥር ሰካሁት።
አሁን አይነቃነቅም፣
ለጊዜው።