ርስት

ሰናይት ከላብራቶሪ፣ የበረዶ ሣጥን አንግታ፣
ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጣች፣ ሊፍት አልባ አራት ፎቅ ወጥታ።
«የዘር ሐረግሽን እንሣል» ብላ ወረቀት ዘረጋች፤
ለወንድ ካሬ፣ ለሴት ክብ፤
ካንሰር የበላውን በጥቁር ልትሞላ ጀመረች።

አያቴን ዋሪቴን ሞላች።
ሎሚን፣ የእናቴን ታላቅ፣ ሞላች።
እናቴ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ነጠፈ፤
አራገፈችው፤ እንደገና ጻፈ።

«የሰው ዓይን ነው» ተብሎ ጠበል ለጠበል ስንዞር ኖረን፣
ለካስ አንዲት የፊደል ግድፈት ናት፣
ከእናት ወደ ልጅ ስንገለበጥ ማንም ያላረመልን።

አባቴ፣ በጤፍ ማሳው ላይ ኮንዶሚኒየም ሲበቅልበት፣
«የማወርስሽ የለኝም» እንዳለ ሞት ቀደመበት።
ርስትስ ነበረን፣ አባ፤
በእናት በኩል የሚወርድ፣
ቀያሽ ያልለካው፣ ካሳ የማይገመትለት።

ደሜ ብልቃጥ ገባ፤ ስሜ ቀርቶ ቁጥር ሆንኩ።
ውጤቱ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ልጄ ሚልኪ ከሥር ያለችውን ነጭ ክብ በጣቷ ነክታ
«ይቺ ማናት?» አለች።
«አንቺ።»
እስክሪብቶውን ተቀብላ
ሁለት ዓይን ሣለችላት፣
ጥርሱ የወለቀ አፍ።