አራት ጊዜ ድገም

ሱቅ ይሆናል ተብሎ ሱቅ ባልሆነ ክፍል፣
ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ፣ ከብሎኩ ግርጌ ሥር፣
ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሦስት ላፕቶፕ ኃይል
ዘጠኝ ልጅ አስተምራለሁ ኤሊ ማሽከርከር።

አንደኛው ባትሪው ሞቶ ከግድግዳ ባይላቀቅም፣
የሁለተኛው ቁልፍ ወልቆ በማስቲካ ቢያዝም፣
ኤሊዋ ግን አትሰንፍም።
ቢጫ ጡብ ሲጎትቱላት ወደ ፊት ትሄዳለች፣
ሰማያዊ ሲያስከትሉላት ወደ ቀኝ ትዞራለች፣
በሄደችበት ሁሉ መስመር ትጥላለች።

«ቲቸር፣ ትሰማናለች?» አለ ሚልኪያስ፣ ጥርሱን እያነቃነቀ።
«አትሰማም። ያሏትን ብቻ ታደርጋለች። ያላሏትን አታውቅም።»
«ዝም ብለሽ ሂጂ» የሚለውን ሰጣት፤ ከስክሪኑ ጠርዝ አለፈች።
«አሁን የት ናት?» ስለው፣
«ዱከም ደርሳለች» አለ፣ «ገና እየሄደች ነች።»

ከዚያ የዕለቱን ትምህርት አመጣሁ፦
«አራት ጊዜ ድገም» የሚል ብርቱካናማ ጡብ፣
እንደ ጅብ አፉን ከፍቶ ሌላውን ጡብ የሚውጥ፤
አንድ ጎን፣ አንድ ማዕዘን ካጎረሱት የቀረውን ራሱ ይዞራል፣
አራት ማዕዘን ይወጣዋል፣ እንደ ኮንዶሚኒየም፣ ልክ፣ ቀጥ።

«አያችሁ? ስምንት ጡብ የፈጀው በሦስት አለቀ።
ጎበዝ ፕሮግራመር ሰነፍ ነው፤ አንድ ነገር ሁለቴ አይልም።»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ይቺን ቀልድ በየዓመቱ እደግማታለሁ።
ፈይኔ ብቻ አልሳቀችም።

የጅቡን አፍ ወደ ጎን ገፍታ
አንድ በአንድ ትደረድር ጀመር፦
ወደ ፊት መቶ ሠላሳ። ቀኝ፣ ትንሽ። ወደ ፊት አርባ ሁለት።
ግራ። ወደ ፊት ስድስት። እንደገና ግራ።
ጡቡ ከስክሪኑ በታች ተንጠለጠለ፣ እንደ ረጅም መቀነት።

«ፈይኔ፣ ምን ያደክምሻል? ድገም በይው እንጂ፣ ያጥርልሻል።»
«አይሆንም፣ ቲቸር፣ ጎኑ እኩል አይደለም» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል፤
«ይኼ የወንዙ በኩል ነው። እዚህ ጋ ሾላ አለ፣ ይታጠፋል።
አባዬ በእርምጃ ቆጥሮ ነግሮኛል።
በዚህ ጤፍ ነበር፣ በዚህ ሽምብራ፤
አሁን የተቀመጥንበት» — ጣቷን አሳረፈች — «እዚህ፣ ከበረቱ በስተግራ።»

ዘጠኙም ወለሉን አዩ።
ሚልኪያስ እግሩን አነሣ፣
የሰው ቡቃያ እንደ ረገጠ።

«ጀምር» የሚለውን ነካች።
ኤሊዋ በወንዙ ወረደች፣ ሾላው ጋ ታጠፈች፣
በሽምብራው ዳር ዞራ፣ ከተነሣችበት ልትደርስ
ጥቂት ሲቀራት ቆመች። ጡቡ አልቋል።
መስመሩ አልገጠመም፤ ጣት የምታህል ክፍተት ቀርቷል።

ስህተት ፈልጎ ማቃናት አይደል ሥራዬ?
«የመጨረሻው ስንት ነበር?» አልኋት።
«እሱን አባዬም ረስቶታል።»

የውኃ ቦቴው ጥሩምባ ሲሰማ ጄሪካን ያላቸው ሮጡ።
እሷ ቀረች። ክፍተቱን በጥፍሯ ለካች፣
ከዚያ ተነሥታ፣ ከበሩ እስከ ግድግዳው፣
ተረከዝ ከጣት እያገጠመች
በእግሯ ትቆጥር ጀመረች።