ሙሉ ሥራዎች

ሠላሳ ስምንት ደቂቃ፣ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ፤
ከጊዮርጊስ ሽሮ ሜዳ በሚኒባስ አንድ መንገድ፤
እሱም ወረፋ ከሌለ፣ እሱም ካልተዘጋጋ፤
የዕድሜ ልክ ሥራዋ ነው፣ ሲለካ፣ ሲጠጋጋ።

ከሲኒማ ኢትዮጵያ ጀርባ፣ ከጠባቧ ሱቄ
ዲስክ እሸጣለሁ፤ የሚበዛውን ግን እሰማዋለሁ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ፣ ደብቄ።
በላይኛው ረድፍ ጀርመናዊው ሰውዬ፣ መቶ ሰባ ዲስክ ሆኖ፣
በየሳምንቱ አንድ ወልዶ፣ ሁሉም አድጎለት፣ በሣጥን ታጭቆ፣ ተከድኖ፤
ከሥሩ ትንንሾቹ፦ ሦስት ዲስክ፣ ሁለት፣ አንድ፤
አንደኛው የጻፈውን ሁሉ በገዛ እጁ ሲያነድ
ከምድጃው አፍ አሥራ ሁለት የተረፈው፤
አንደኛው በሃያ አራት ዓመቱ ሳንባው ያሳረፈው፤
ሌላው ብዕሩን ከድኖ የተቀመጠ፣
ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ጽጌረዳ የቆረጠ።

እነዚህን እወዳለሁ። ባንድ ከሰዓት ያልቃሉ፤
«ሙሉውን ሰማሁ» ለማለት ለሰው ዕድል ይሰጣሉ።

ሙሉእመቤት ወልደሰንበት።
ቀን ቀን ታይፒስት፣ እላይ ማዘጋጃ ቤት፤
ማታ ማታ የፒያኖ አስተማሪ፣ ሠፈር ለሠፈር።
ሁለት ገበታ ለአሥር ጣቶቿ፦ አንዱ ደመወዝ የሚከፍላት፣
አንዱ እንቅልፍ የሚያስከፍላት።
እኔን በአሥር ዓመቴ ሞከረችኝ። አልሆንኩም፤ ጣቴ ወፍራም ነው።
«ጆሮህ ግን ደህና ነው» አለችኝ፤ ይኸው እስካሁን እሱን ነው የምበላው።

በሠላሳ አንድ ዓመት ሰባት ሥራ፤ ብቅ የሚል እንደ ጳጉሜ ስድስት።
ከእርሳሷ በፊት ላጲሷ የምታልቅባት፣
ሦስት መስመር ጽፋ አራቱን የምታጠፋ ሴት።
«ሌላውስ?» አልኳት አንድ ቀን፣ ዲስኩ እንዳይሳሳ ሰግቼ።
«ሌላውን ለማዘጋጃ ቤት ጻፍኩት» አለች፤ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ዘግይቼ።

አራት ኪሎ ባንድ አዳራሽ ቀረጽናቸው፣ በአንድ እሑድ፤
መብራት ሦስቴ ጠፋ፤ የፒያኖው አንዷ ቁልፍ ወርዳ አልነሣም አለች በውድ።
አራተኛው ሥራ መሃል አራት ቤት ዝምታ አለ፤ ማንም ምንም የማይነካበት።
ልክ እዚያ ላይ ከመንገዱ የረዳቱ ድምፅ ገባበት፦
«ስድስት ኪሎ! የሞላ! አንድ ሰው የቀረው! የሞላ!»
እጄን ወደ ማቆሚያው ሰደድኩ። እሷ ከኋላ ወንበር፦
«ተወው» አለች። «ቦታ የያዝኩት ለሱ ነበር።»

ነሐሴ ላይ ሞተች።

መስከረም ሲጠባ ሽፋኑን ይዤ ወረድኩ ወደ ዶሮ ማነቂያ፤
የማተሚያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀብቷል፣ የማፍረስ ማስጠንቀቂያ።
ፍስሐጽዮን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፦ «ጋሼ፣ አንድ ፊደል ጎድሏል፤
ስሟ ሙሉ አይደለች? ‹የሙሉ› ቢል ይሻላል።»
«ሙሉ ማለት ያልጎደለ ነው» አልኩት፣ ኮራ ብዬ።
«ማን ቆጠረው?» አለ። መልስ አጣሁ፤ ወጣሁ፣ ሺህ ብር ቀብድ ጥዬ።

በሦስተኛው ቀን ወይንሐረግ መጣች፣ የአክስቷን ኮት ኪስ ፈትሻ፤
የግብር ደረሰኝ ነው፤ በጀርባው ኖታ፤ አምስት ቤት፤ ከዚያ ምንም። የስምንተኛው መነሻ።
ቀኑ የሐምሌ ነው። ላጲስ አልነካውም።

ሱቁን ዘግቼ የቆየችውን ኪቦርድ አቧራዋን አራግፌ
በወፍራም ጣቴ ሞከርኩት፣ አንዴ ስቼ፣ አንዴ አልፌ።
አሥራ አንድ ሴኮንድ። የቀረውን አፍራሾቹ ከማዶ በመዶሻ ሞሉት።
ዶሮ ማነቂያ ተመልሼ ወረድኩና «‹የ› ጨምርበት» አልኩት።
ፍስሐጽዮን አልሳቀም፤ ቀሪውን ሒሳብ ቆጥሮ ተቀበለ፤
«ለአንድ ፊደል ግን አላስከፍልም» አለ።