ሰባት ቤት

አፉላ፣ ነርቭ ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
«ከዘመድ» አለች ሐኪሟ፣ «እንዲህ የታመመ አለ ወይ?»
የጠየቀችው እህቴን ነው። እህቴ ወደ እኔ ዞረች።
ሐኪሟ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አቁማ ጠበቀች።

ዘር የሚያውቅ አባቴ ነው። የጣቱን አንጓ እየነካ፣
ከአያት ወደ ምንዥላት፣ ሰባት ቤት እየለካ፣
ስንቱን ሽማግሌ መልሷል፣ «ተዉት፣ ይዛመዳሉ» ብሎ፤
ስንት ሠርግ ፈርሷል በሱ ቃል፣ ዳሱ ተጥሎ።
ለሐኪም ቆጥሮ ግን አያውቅም።

ከኮሪደሩ ደወልኩለት። ሳለ። ዝም አለ። ደግሞ ሳለ።
«ትርንጎ» አለኝ፣ «እህቴ። ወገራ እያለን የአንድ ዓይኗ ብርሃን ጎደለ።
ለጥቢ በራላት። ለከርሞ ግራ እግሯ እንደ ባዳ ሆነ፤
ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሸን፣ ቄሱ ጸለየ፣ ምንም አልሆነ።
ቡዳ በላት እንዳንል፣ ለጎረቤት ቡዳው እኛው ነን፤
ማንን ‹በላት› እንበል? እርስ በርስ ተያየን።
በሱዳኑ መንገድ አዘልኳት። ‹ምን ሆነች?› ሲሉኝ፣ ‹ድካም›
አልኩ። ገዳሪፍ ቀረች። ይህን ለሰው አውርቼ አላውቅም።»

ሎድ የወረድን ሌሊት፣ መዝጋቢው በችኮላ፣
እንወይን «ኢሪት» ብሎ፣ እሷን በአያት ስም፣ እኔን በሌላ፣
ሁለት እህት የሁለት ቤት አድርጎ ጻፈን።
ትርንጎ ግን ያለ መዝገብ፣ ያለ ስም፣ አገኘቻት።

ገብቼ ለሐኪሟ ሁሉንም ነገርኳት።
«እንደ ርስት አይወረስም» አለች፣ «ዝንባሌው ነው እንጂ።»
(ርስትስ መቼ ኖሮን ያውቃል?)
«ለእህት ከመቶ ሦስት፣ ቢበዛ። ለልጅም ያው ነው።»
ከመቶ ሦስት።
ለሎቶ ቢሆን ደህና ዕድል ነበር።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። አባቴ አልተኛም ኖሯል።
«በእናትሽ በኩል የለም። በእኔ ስድስት ቤት ወጣሁ፤
ሰባተኛው ላይ ስሙ ጠፋኝ። የሚጠየቁትም አልቀዋል።»
«ግዴለም፣ ተኛ» አልኩት። ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋን።

ጠዋት ልጄ ሺራ ለአውቶቡሱ ስትሮጥ፣
ደረጃው ላይ ተደናቀፈች፤ ትንፋሼ ቁርጥ።
ግራ እግሯ ነው።
ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አሰረች፣
ቀና ብላ፣
«ኢማ፣ ምን ታያለሽ?» አለች።